ነይ፣ ነይ፣ ቁሚ

ያኔ ባለቤቴ አንገታቸውን ማዞር ካቃታቸው ቆይቶ ነበር። መኪና ግን ይነዱ ነበር። ታቦር ተራራ ሥር ያለው ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ የምትወጣው ወደ ኋላ ነው፤ ታዲያ ዞሮ ማየት የማይችል ሰው እንዴት ወደ መንገድ ይወጣል አትሉም? መኪናዋ ነበረች የምትነግራቸው። የኋላ ባምፐሯ ላይ ክብ ክብ ሴንሰሮች አሏት። የሆነ ነገር ስትጠጋ ጢጥ፣ ጢጥ ትላለች፤ በጣም ከቀረበች ጢጢጢጥ። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና ብርቅ ነበረች። በስፖኪዮ የማይታየውን ሁሉ በጆሯቸው ያዩት ነበር። ጠዋት ጠዋት በእሷ ወደ ከተማችን ሐይቅ ዳር ወርደው፣ ከጡረታ ጓደኞቻቸው ጋር ተጫውተው ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ ነው።

አንድ ቀን መንገድ ዳር አቁመዋት ሳለ ባጃጅ ከኋላ ገጫትና ባምፐሯ ተሰነጠቀ። ላሜራ ሠሪ ዘንድ ወሰድናት። ሰውዬው ትጉህ ነው፣ ሥራውም ያምራል። ልንረከብ ስንሄድ ባምፐሩን በእጁ እየዳበሰ፣ «ጋሼ፣ ይዩልኝ፤ ስንጥቁንም፣ እነዚያን ቀዳዳዎችም በስቱኮ ደፈንኳቸው። የት እንደነበሩ እንኳ አይታወቅም» አለ።

ባለቤቴ አዩት አዩትና፣ «የኔ ልጅ፣ ዓይኗን እኮ ነው የደፈንከው» አሉት።

ደነገጠ ምስኪን። መልሶ ፈልፍሎ ሴንሰሮቹን ከተታቸው። ግን አቀማመጣቸው ተዛብቶ ወደ መሬት ያዩ ነበር መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ የኋላ ማርሽ በገባ ቁጥር ምንም ሳይኖር ጢጢጢጥ። አንዳንዴ ደግሞ ግንብ ድረስ ተጠግታ ጭጭ። ያስተካክላል የተባለ ሁሉ ነካካት፤ አልሆነም። ባለቤቴ፣ «ሰው ሳላይ ብገጭስ?» አሉና ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

በባጃጅ ይሂዱ እንዳልል፣ አዲሱ ኮብልስቶን ላይ አንገታቸውን ያንገጫግጫቸዋል። ሐይቁ ቀረ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው የቆመች መኪናቸውን ሲያዩ አንጀቴን በሉት።

«እኔ ከኋላ ቆሜ አስወጣዎታለሁ» አልኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ባለቤቴን አንቱ ነው የምላቸው። በዕድሜ በጣም ይበልጡኛል፤ ገና ሙሽራ ሳለሁ አፌ የለመደው ይሄንን ነው። «አንተ በይኝ እንጂ» እያሉ ስንቴ ለምነውኛል፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። እናም ከኋላ ቆሜ፣ «ይምጡ፣ ይምጡ፣ ትንሽ ይምጡ… ኧረ ይቁሙልኝ» ስል፣ ጓ! የበሩ ግንብ።

«‹ይቁሙልኝ› ብለሽ እስክትጨርሺ ግንቡ ቀደመሽ» አሉኝ በመስኮት። «ሰው ሁሉ ለሹፌር ‹ና፣ ና፣ ቁም› አይደል የሚለው?»

«ለእርስዎማ አልልም።»

«እንግዲያው ለመኪናዋ በያት።»

ይሄ ተስማማኝ። በማግስቱ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ… ቁሚ» እያልኩ በሰላም አወጣኋት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ይሄው ሆነ። አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየና፣ «እማማ፣ ሴት የምትነዳ መስሎኝ ነበር እኮ። ጋሼን አንቺ ይሏቸዋል እንዴ?» አለኝ። የባለቤቴ ሳቅ ከውስጥ ተሰማኝ።

አንድ ጠዋት ግን፣ መኪናዋ በሩን ልታልፍ ስትል፣ አንዲት ተማሪ በብስክሌት ቁልቁለቱን እየተምዘገዘገች መጣች። ነይም ቁሚም ጠፋብኝ።

«ቁም!» ብዬ ጮህኩ።

መኪናዋ ቀጥ አለች። ልጅቷ ለጥቂት አለፈች፤ ዞራም አላየችን።

ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ይቅርታ፣ አመለጠኝ» አልኳቸው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄው፣ መጥቶ መጥቶ ‹ቁም› ሆነ?» አሉኝ። «‹ና›ዋንስ መቼ ነው የምሰማት?»

ተመልሼ ከኋላ ቆምኩ። መንገዱን ግራ ቀኝ አየሁ፤ ማንም የለም። የእሳቸውም መስኮት ክፍት ነው።

«ና» አልኩት።