እጅ ላይ የሚቀል ሻሞላ

ጋሽ ሚዛን ይህ ስም የወጣላቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የገበያ ሚዛን ሲጠግኑ ስለኖሩ ነው። ሽንኩርት ሻጩም ወርቅ ሠሪውም ሚዛኑ ሲዛባበት ተሸክሞ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነበር። ቁጥር የሚያበራው ሚዛን ሲመጣ ግን ሥራውን ውሃ በላው፤ እሳቸውም መፍቻቸውን ሸክፈው አንድ ትንሽ ቲያትር ቤት የመድረክ ዕቃ ጠባቂ ሆነው ገቡ። ዘውድ ይወለውላሉ፣ እግሩ የሚወላወል ዙፋን ይመታሉ፣ የጠፋ ጺም ይፈልጋሉ። ከድሮ ሥራቸው የቀረቻቸው አንዲት ባለ ሞላ ሚዛን ናት፤ እሷም ከጋዋናቸው ኪስ አትጠፋም። ሰው እያወራቸው እንኳ እጃቸው ያገኘውን ነገር አንስተው «ሦስት መቶ ግራም ይሆናል» ይላሉ። አይስቱም።

የመጨረሻ ልጃቸው እዚያው ቲያትር ቤት ተዋናይ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ ሻይ ይዛ ስትወጣ ቆይታ በዚህ ዓመት አዘጋጁ ትልቅ ሚና ሰጣት፤ የወንድ ልብስ ለብሳ የወንድሟን ገዳይ በሰይፍ የምትገጥም ሴት። ያን ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ ነው ለአባቷ የነገረቻቸው። ጋሽ ሚዛን «ጎሽ» አሏት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዓይናቸው ከቀኝ እጇ አንጓ ላይ አልነቀል አለ። በስምንት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ የተሰበረች አንጓ ናት። አጥንቱ ገጥሟል፤ አባት ግን አልረሳም።

ግጥሚያውን የምታለማምዳቸው የጥንት የሰይፍ ውጊያ የምታስተምር አሰልጣኝ ነበረች። የእሷ ክለብም ቲያትር ቤቱም እጃቸው አጭር ስለሆነ የመለማመጃ ሰይፉን በጋራ ሊገዙ ተስማሙ፤ ጠዋት ክለቡ፣ ከሰዓት ቲያትሩ ይጠቀምበታል። እንግዲህ ለዓይን ማማሩ አይበቃም፤ ቀን በቀን ምት የሚችል መሆን አለበት። አሰልጣኟ ለውድድር ርቃ ልትሄድ ስለሆነ ለጋሽ ሚዛን በብጣሽ ወረቀት ጻፈችላቸው። «ጎራዴ ሳይሆን ቀጥ ያለ ረጅም ሻሞላ። ጫፉ የደነዘ። ሲታጠፍ ተመልሶ የሚቃና። የብረቱ ጭራ በእጀታው ውስጥ አልፎ እስከ መጨረሻው የሚደርስ። እጅ ላይ የሚቀል።»

ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን፣ እንደ መስታወት የሚያበራውንና ከሁሉም የረከሰውን ነበር።

«ይሄ መድረክ ላይ ሲወጣ ተመልካች ትንፋሹን ነው የሚይዘው» አለ።

ጋሽ ሚዛን እጀታውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። ውስጡ ተንቀጫቀጨ። «የዚህ ጭራ እንደ ምስማር የቀጠነ ነው። አንድ ቀን ብረቱ በሮ ሦስተኛ ረድፍ የተቀመጠ ሰው ጭን ላይ ያርፋል።»

«እርስዎ ደግሞ ሟርተኛ ነዎት።»

«እነዚያኞቹስ? ስለት የላቸውም አይደል?»

«ስለት ያለበት ሰው ካለ ሄዶ ያስገባ፤ የእኔ ሰይፎች የማንም ስለት የለባቸውም።»

ሳቁና የቀሩትን ሁለት ዓይነቶች ተቀበሉ። ዋጋቸው እኩል ነው። ጫፋቸውን ግድግዳ አስደግፈው አጎበጧቸው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ተመለሱ። የሁለቱም ጭራ ወፍራም ነው፤ እጀታው ጫፍ ላይ ባለች ድቡልቡል ብረት ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ቀጥሎ ሚዛናቸውን አወጡ። አንደኛው ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ግራም፣ ድቡልቡሉ ሎሚ የሚያህለው ሁለተኛው ደግሞ ኪሎ ከመቶ ሃምሳ። ወረቀቱ የሚቀል ይላል፤ ሆዳቸውም ስለዚያች አንጓ ይባባል። ምን ያማክራል? ከቀላሉ ሁለት ገዙ።

«ካልተሰበረ እስከ አሥር ቀን እለውጥልዎታለሁ» አላቸው ባለሱቁ።

በሳምንቱ፣ ያለ ፊት መከለያ መለማመድ በተጀመረበት ቀን ነገሩ ተበላሸ። ልጃቸው ወደፊት ተስባ መቆም ያለባት ቦታ ላይ ቆመች፤ የሰይፉ ጫፍ ግን አልቆመም። ገዳዩን የሚጫወተው፣ ሎጋው የሚሉት ተዋናይ ጉንጩን ያዘ። ጎማ ያጠለቀው ጫፍ ከዓይኑ ሥር አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ልጦት ነበር።

አዘጋጁ አልጮኸም። «እስከ ሐሙስ ጫፉን ማቆም ካልቻልሽ» አላት፣ «ሚናውን ለሌላ እሰጣለሁ። የሰው ዓይን አሳውሬ ቲያትር አላሳይም።»

ማታ እራት ላይ አባትና ልጅ ተፋጠጡ።

«ይከብደኛል አባዬ።»

«ከሱቁ የቀለለውን ነው የገዛሁልሽ።»

«እኔ የምልህ ይከብዳል ነው።»

«ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ግራም! አንድ ሊትር ውሃ እንኳ አያክልም። የአንድ ሊትር ውሃ ከብዶሽ ያውቃል?»

«ውሃ በእንጨት ጫፍ አንጠልጥዬ አላውቅማ።»

«የልምምድ ማነስ ነው፣ የኔ ልጅ። ሚዛኑን አይቼዋለሁ።»

ሳህኗን አነሳች። «ይሁን። ሻይ ማቅረቡን እንደሆነ አልረሳሁትም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ይህች ቃል የጋሽ ሚዛንን አንጀት በላችው።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። ሰይፉን አነሱና ክንዳቸውን ዘርግተው ግድግዳው ላይ ወዳለች ምስማር አነጣጠሩ። ሃያ እስኪቆጥሩ ደህና ነበር። አርባ ላይ ጫፉ ይዋልል ጀመር፤ ስልሳ ላይ ከምስማሯ ስንዝር ወርዶ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚዛን ድንጋይ ሲያነሳ የኖረ ክንድ እንኳ አልቻለውም። ሳጥን ላይ ቁጭ አሉና ብረቱን በአንድ ጣታቸው ላይ አጋድመው ወዲያና ወዲህ አንፏቀቁት። ከእጅ መከለያው አንድ ስንዝር አልፎ ነው የተረጋጋው። ክብደቱ ሁሉ ወደፊት ሸሽቷል። ሚዛን ክንድ ላይ ከመሃል የራቀች ትንሽ ድንጋይ የቀረበውን ትልቅ ድንጋይ እንደምታነሳ ለስንቱ ነጋዴ አስረድተዋል!

ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው እንደገና አነበቡ። «እጅ ላይ የሚቀል» ይላል። እሳቸው «የሚቀል» የምትለዋን ይዘው ነበር ወደ ሱቅ የሮጡት። ብቻቸውን ተቀምጠው ፊታቸው ቀላ።

«ከባዱን ነው የምፈልገው» አሉት ለባለሱቁ፣ ሁለቱን ሰይፎች መልሰው ፊቱ እያስቀመጡ።

«ቀላሉን ይዘው አልነበር እንዴ?»

«የሚቀለው ከባዱ ነው።»

«ጋሼ፣ በደህናዎ ነው?»

ጋሽ ሚዛን ሎሚ የሚያህል ድቡልቡል ያለውን ጣታቸው ላይ አጋደሙት፤ ከመከለያው አራት ጣት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያ ድቡልቡል ብረት ከኋላ ሆኖ ጫፉን እየጎተተለት ነው። ባለሱቁ ራሱ ተቀብሎ ዘረጋው፣ ከዚያም ሌላውን፣ ከዚያም መልሶ ይህንኑ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ስሸጥ» አለና ከከባዱ ሁለት ጠቀለለላቸው።

ለልጃቸው አዲሱን ሰይፍ ሲሰጧት ዓይን ዓይኗን አላዩም።

«ይሄኛው በሚዛን ሁለት መቶ ግራም ይበልጣል። ያዢውና አንቺ ንገሪኝ።»

ዘረጋችው። ጫፉ ካለችው ቦታ ሄዶ ቆመ። ዘወር አድርጋ ደገመችው።

«ሚዛንህ ተዛብቶ ነው እንዴ አባዬ?»

«ሚዛኑስ ደህና ነው። የተዛባሁት እኔ ነኝ። ስትነግሪኝ መስማት ነበረብኝ።»

ልጅቷ ትከሻቸውን መታ አደረገቻቸውና እስኪደክማት ተለማመደች፤ በማግስቱም ከቁርስ በፊት ጀምራ እንዲሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ሎጋው ጉንጩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ፊቷ ቆመ። «አንዲት ዓይን እንኳ ተዪልኝ፤ ጽሑፍ የማጠናው በዓይን ነው» አላት። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አገጩን ወደ ኋላ ሰብስቧል። ተሳበች። ጫፉ ከአንገቱ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ደገሙት፣ ቆመ። በሦስተኛው ሎጋው አገጩን መለሰ። በአምስተኛው ረስቶት ቃሉን እየተናገረ ነበር፤ ጫፉ አሁንም እዚያችው ቦታ ነው።

ጋሽ ሚዛን ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው የያዙት ገመድ መዳፋቸውን እስኪቆርጠው ጨብጠውታል። አዘጋጁ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫረ። ከዚያም ወደ ኋላ ዞሮ «ልብስ ሰፊዋን ጥሩልኝ» አለ፤ «ሱሪውን በዚህች ልጅ ልክ ታጥብበው።»