ከበሩ በላይ የነበረው ምንጣፍ

የሠርግ ወር ሲገባ የእኛ ሙዚየም ግድግዳ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ይመስል ነበር። የስንደዶ ስፌቶቹ ከተሰቀሉበት ይወርዱና በነጠላ ተሸፍነው በጀጎል ጠባብ መንገዶች ወደ ሠርግ ቤት ይሄዳሉ፤ ምስማሮቹ ብቻ ይቀራሉ። ያዋሱን የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ሲፈልጉ ይወስዳሉ፣ ሲጨርሱ ይመልሳሉ። ለጉብኝት የመጣ ፈረንጅ ባዶውን ግድግዳ እያየ «የት ሄዱ?» ይለኛል። «ሠርግ ተጠርተው» እለዋለሁ።

ሙዚየም አልኩ እንጂ አንድ የድሮ የሐረሪ ቤት ነበር። ንጉሡ ሳይወርዱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ተከፈተና እኔ ጠባቂም፣ አስጎብኚም፣ ጠራጊም ሆኜ ገባሁ። የወታደር ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ከጀጎል ግንብ ውጭ በሸዋ በር በኩል ነበር። እናቴ «ባል ፈልጊ ብልሽ አሮጌ ዕቃ ልትጠብቂ ገባሽ!» ትለኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ቤቱን ወደድኩት። ጠዋት በሩን ስከፍት ብርሃኑ በቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከዚያ ስፌቶቹን አንድ በአንድ ይነካካቸዋል። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቁጭ እላለሁ። አንዳንዴ በላይኛው ክፍል የአምባር ድምፅ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የቤቱን የድሮ ሴቶች እንዳልረብሽ ቀስ ብዬ እጠርጋለሁ።

በግድግዳ የምንዋሰናቸው አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ሞተው ከአንድ ሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጅቷ በስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች፤ የመኪናዋ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል።

በሐረሪ ቤት ያልተዳረች ልጅ ካለች፣ ከበሩ በላይ በውስጥ በኩል ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እንግዳ ሲገባ አያየውም፤ ሊወጣ ሲዞር ነው ዓይኑ የሚያርፍበት። ወንድ ልጅ ያላት እናት አየት አድርጋ ትሄድና ሽማግሌ ትልካለች። ልጅቷ ስትዳር ምንጣፉ ወርዶ ይነጠፋል። የጎረቤቴ ልጅ ምንጣፍ ግን አልወረደም። መጀመሪያ እንግዶች ቀና እያሉ ያዩት ነበር። ዓመታት ሲሄዱ ግን አዝነውላት መሬት መሬቱን እያዩ መውጣት ለመዱ። የሰው ሐዘኔታ እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናትየዋ ምንጣፉን ተሸክመው መጡ።

«ለሙዚየሙ ነው» አሉኝ።

«በአማና ነው እማማ? እንደ ስፌቶቹ የሚመለስ ነው?»

«አይ ልጄ። ሰጥቻለሁ፣ ሰጥቻለሁ።»

ዓይኔን አላዩኝም። ያኔ ገባኝ። ዝም ብለው ቢያወርዱት «ተስፋ ቆረጡ» ይባላል። ለሙዚየም ሲሰጡት ግን ክብር ነው፤ ማን አፉን ይከፍታል? ወይ ብልሃት! ምንም ሳልጠይቅ ተቀብዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ከደንኩት።

ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ዕቃ በቦታው ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። ሳጥኑን ከፈቱ።

«ይሄማ ከበሩ በላይ ነው ቦታው! ሥርዓቱ ይጠበቅ እንጂ።»

«ይቆይ ጌታዬ» አልኩ።

«ለምን?»

ምን ልበል? የሰው ገመና ነው። እሳቸውም መሰላል ላይ ወጥተው በገዛ እጃቸው አስቀመጡት። እውነታቸውን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ከዚያ ወዲያ ጎብኚ ሁሉ ታሪኩን ሲሰማ «አንቺ ነሽ ያላገባሽው?» ይለኛል። የእኔስ ግድ የለም፤ አፍ አለኝ፣ እመልሳለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ግን ያንን ጫፉ የተተረተረ ምንጣፍ ገና ሲያዩት ያውቁታል። «ውይ፣ ይሄ የእነዚያ አይደል?» ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በአንድ ቤት የነበረ ሐዘን አደባባይ ወጣ። እናትየዋ ወደ ሙዚየሙ መግባት ተዉ። በደጃችን ሲያልፉ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ።

አንድ ዓርብ፣ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሶላት ሄዶ መንገዱ ጭር ሲል፣ ልጅቷ ገባች። በጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች። መሀል ቤት ቆማ ዞረችና ቀና አለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከራሴ በላይ ነበር» አለችኝ። «ውስጡ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም።»

«አይተሽው አታውቂም?»

«ያለ ሠርግ ማን ይከፍትልኛል?»

«እኔ እከፍትልሻለኋ!» ብዬ መሰላሉን አመጣሁ። እያሳለን፣ አቧራ እየጠጣን አወረድነው። ማሰሪያውን ፈታሁና መደቡ ላይ ዘረጋነው።

የላዩ አመድ መስሎ ደብዝዟል። ውስጡ ግን፣ የፈጣሪ ያለህ! ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ፣ ትላንት የተሠራ ይመስላል። ብል እንዳይበላው እናቷ በየጊዜው በጫፉ የጨመሩበት ቅርንፉድ ተንከባለለ፤ ቤቱን ሽታው ሞላው። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበትና መሀሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ለስላሳ ነው» አለችና ሳቀች። እኔ ሞኟ አለቀስኩ።

«ልጠቅልለው?» አልኳት ቆይቼ።

«ተይው። እንደተነጠፈ ይሁን። በቃኝ መጠበቅ።»

ወዲያው እናትየዋ ልጃቸውን ፍለጋ መጡና ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ። ሊጮኹ ነው ብዬ ፈራሁ። ልጅቷ አልተነሳችም።

«ነይ እማዬ፣ ተቀመጪ» አለቻቸው።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እንደ ልማዳቸው ዞር ብለው ከበሩ በላይ አዩ፤ ባዶ ነው። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጠው ምንጣፉን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ነሲብ ነው፣ አላህ የጻፈው» አሉ። ራሷን ሳቡና ግንባሯን ሳሟት። «መብሩክ፣ ልጄ።»

እኔ ራሴን መግዛት አቃተኝና እልል አልኩ።

ሰኞ ኃላፊው መጡ። ከበሩ በላይ አዩ፣ መደቡን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ማን አወረደው?»

«የጎረቤታችን ልጅ ተዳረች ጌታዬ። ሲዳሩ ይወርዳል፤ ሥርዓቱ ይጠበቅ ብለዋል።»

«እሰይ! መቼ ነው ሠርጉ የነበረው? አልሰማሁም እኮ።»

«ዓርብ ነበር» አልኩ። «እልል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከግድግዳው በስተጀርባ የልጅቷ የስፌት መኪና እንደ ወትሮው ይሰማል። ትንሽ አዳመጡና ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉን ዞረው አለፉ።