የዋንዛው ሽበት

ነቀምቴ ባዮሎጂ ሳስተምር ትምህርት ቤቱ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው፤ እንዳይበላሽ ተብሎ ከቁም ሳጥን ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የእኔ ቤተ ሙከራ በሩ አጠገብ መንገድ ዳር የቆመው ትልቁ ዋንዛ ነበር። ግንዱን የሰፈሩ ሰው ሽበት፣ መጽሐፋችን ደግሞ ሞስ የሚለው ለስላሳ አረንጓዴ ነገር እንደ ጋቢ ሸፍኖታል። ከሥር ደግሞ ሊቨርዎርት የሚባለው ጠፍጣፋ ዘመዱ ቅርፊቱ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። መስከረም ላይ ተማሪዎቼን ሰብስቤ በአጉሊ መነጽር ሳሳያቸው እኔ የተከልኩት ይመስል እኮራ ነበር።

ችግሩ በጋ ነው። በበጋ ሽበቱ ይደርቅና ቡናማ ሆኖ ይኮማተራል፤ እከክ ይመስላል። አንድ የካቲት ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ያልፋል ተባለና ቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ጠራ። የመንገድ ዳር ዛፍ ሁሉ ተፍቆ ኖራ ይቀባ ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከነባልዲው ከነብሩሹ የእኔ ዋንዛ ሥር ሲደርስ ፊቱ ተገተርኩ።

«የሞተ ነገር ነው፣ ጓድ አስተማሪ» አለኝ።

«ተኝቷል እንጂ አልሞተም።»

«ታዲያ ቀስቅሺዋ!»

ሰው ተሰብስቧል። አንድ ጣሳ ውሃ ግንዱ ላይ ደፋሁ። ምንም የለም። ሰው መሳቅ ጀመረ፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ደቂቃዎች እንዳለፉ ግን ትንንሾቹ ቅጠሎች አንድ በአንድ ተዘረጉ፤ ቡናማው አረንጓዴ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ሂንዱኔ! አልሞተም እናንተ!» ብለው ጮኹ። እኔም ጮቤ ረገጥኩ።

ሊቀ መንበሩ አገጩን እያሻሸ ብዙ አሰበ። ጉድ ያመጣው ማሰቡ ነው። «ኖራው ይቅር። እንግዳው በበጋ ለምለም ከተማ ይይ። ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት በየጠዋቱ አንድ ባልዲ ውሃ ለዛፍ!» አለ።

ያውም ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ወር! ከባሏ ጋር ሱቅ የከፈተችው ጉራጌዋ አከራዬ በየጠዋቱ «አካም ቡልቴ» ሳትለኝ አትውልም ነበር፤ ሰላምታዋን አቆመች። በአራተኛው ቀን ከምንጭ እንስራ አዝላ ስትመለስ አገኘኋት።

«ለዛፉ አፍ ነበረሽ፤ ለእኛ ጊዜ ዲዳ ሆንሽ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሊቀ መንበሩ ሲወስን ዝም ያልኩት ሽበቱ ስለተረፈልኝ ነበር። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ያን ቀን ከሰዓት ቀበሌ ሄጄ ሊቀ መንበሩን «ውሃው ይቁም፤ ሽበቱ እንደሆነ ዝናብ እስኪመጣ መተኛት ልማዱ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ኖራ!»

እንዲህ እንደሚለኝ አውቄ ነው የሄድኩት። «እሺ፤ ግን እንግዳው የሚያየው በአዲስ አበባ በኩል ያለውን ጎን ነው። ለሌላው ጎን ኖራ ለምን እናባክናለን?» አልኩት። ኖራውም እያለቀ ነበርና ይህች ገባችው። የዋንዛውን ግማሽ በገዛ እጄ ቀባሁ። ብሩሹ የነካው ከእንግዲህ እንደማይነቃ አውቃለሁ። አለቀስኩ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ኖራ ዓይኔ ገባ አልኩ።

እንግዳው ግን በተቃራኒው፣ በጊምቢ በኩል መጣ። ያልተቀባውን ጎን ብቻ እያየ ያልፍ ነበር፣ ዓይኑን ቢገልጥ። መኪናው ውስጥ ተኝቷል። ሊቀ መንበሩ እያጨበጨበ ቀረ። ዘበኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እሱስ ላይ ውሃ እናፍስበት?» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት አከራዬን ጣሳ ይዛ ዋንዛው ሥር አገኘኋት። ምስር ያጠበችበትን ውሃ ቡናማው ጎን ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች ሳታየኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን። አረንጓዴው ብቅ ሲል ወደ እኔ ዞረችና «አካም ቡልቴ» አለችኝ።