የአጎቴ ዝምተኛ ውሾች

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቡሬ ላይ ድንገተኛ ዝናብ ወርዶ ሲያባራ፣ ከቤቴ ጀርባ በግ የሚያደልበው ጎረቤቴ የጉረኖውን በር ከፍቶት ኖሮ፣ የረጠበ የበግ ጠጉርና የረጠበ ውሻ ጠረን ተደባልቆ መጣብኝ። ሌላው ሰው አፍንጫውን የሚይዝበት ሽታ ነው፤ እኔን ግን ካጠብሁት ልብሴ ጋር ከማስጫው ገመድ ሥር ገትሮ አስቀረኝ። ጎረቤቴ ደግ ልጅ ነው። ሁለቱን አዳዲስ ውሾቹን በሰንሰለት አስሮ፣ "እትዬ ጥሩሰው፣ ወደዚህ እንዳይጠጉ፤ እነዚህ የወለደቻቸውንም አያውቁ!" ይለኛል፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ እንደገባለት ሰው እየኮራ። እኔ ግን ያን ጊዜ ቡሬ አልነበርሁም። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለው የአጎቴ ግቢ፣ በጎቹ መሃል ነበርሁ።

አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ እናቴ እኔን አዝላ ወደ ታላቅ ወንድሟ ግቢ ገባች። አጎቴ መሪጌታ እንዳላማው ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው የማይዛነፍ ሰው ነበሩ፤ በደብሩ ዜማ ያስተምራሉ፣ ቅኔ ይቀኛሉ፣ ከዚያ የተረፋቸውን ዕድሜ ደግሞ ውሻ ያረባሉ። በእኛ አገር ፊደል የዘለቀ ሰው ይከበራል፤ ይጠረጠራልም። መሪጌታ ሲታመም ሥራዩ ተገለበጠበት ይባላል፣ ጎረቤቱ ሲታመም ደግሞ መሪጌታው ናቸው ይባላል። በዚህ ላይ ውሻ ሲጨመርበት የሰዉ ምላስ ማረፊያ እንዳጣ ገምቱት።

ውሻ የማርባታቸው ምክንያት እግራቸው ላይ ነበር። በተማሪነታቸው ዘመን አኮፋዳቸውን አንግተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ሲለምኑ የአገሩ ውሻ ሁሉ ከጉልበታቸው በታች ጥርሱን ሞክሮባቸዋል። ጠባሳዎቹን በአገራቸው ስም ይጠሯቸው ነበር። ይኸኛው ሰፊው የሊበን ነው፣ ይኸ የተጠማዘዘው የጅጋ፣ ይህች ትንሿ የቡሬ ናት፤ የቡሬዋ ሴት ውሻ ስለነበረች አዘነችልኝ ይላሉ። ታዲያ በውሻ ላይ ቂም ከመያዝ ይልቅ ሰውን የማይነካ፣ በግን የማያስደነግጥ፣ ለአውሬ ግን የማይመለስ ዘር ካላወጣሁ ብለው ተነሡ። "ነካሽ ሆኖ የሚወለድ የለም፤ እያስነከሱት የሚያድግ እንጂ" ይሉ ነበር።

ዘሩ የሚጀምረው ከይበሉሽ ነው። ይበሉሽ ቡናማ፣ ጆሮዋ የወደቀ፣ ዓይኗ የሰው የሚመስል ውሻ ናት፤ ስሟን ያወጡላት ለሐሜተኞች መልስ እንዲሆን ነው። ባል ሲፈልጉላት ጅጋ ገበያ ድረስ ይወርዱና አህያው፣ ፍየሉና ሰዉ በሚተራመስበት መሃል ጋደም ብሎ ዝም ብሎ የሚያይ ወንድ ውሻ ካገኙ ባለቤቱ እስኪመጣ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጥምጥም ያሰረ መሪጌታ ውሻ ሥር ተቀምጦ ያየ ገበያተኛ ምን ብሎ እንደሚገባ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ቡችሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው መራመድ ሲጀምሩ ፈተና ይቀርብላቸዋል። እኔ ከኋላቸው የድስት ክዳን እጥላለሁ። ክዳኑን ሊነክስ የሚሮጠውን አጎቴ አይወዱትም፤ ሸሽቶ የሚቀረውንም አይወዱትም። ደንግጦ ሸሽቶ፣ ቆም ብሎ አስቦ፣ ተመልሶ መጥቶ ክዳኑን ያሸተተውን ግን አንሥተው ግንባሩን ይስማሉ። እናቴ ያላጎበጥንባት ክዳን ስላልነበራት በዚያ ሁሉ ዓመት ወጧ በደንብ ተከድኖ በስሎ አያውቅም። የተመረጡት ከግልገሎች ጋር በጉረኖ ያድራሉ፣ የበጎቹ ትንፋሽ እያሞቃቸው ያድጋሉ። ሲጎረምሱ የሚታዘዙት በሳል ነው። አንድ አጭር ሳል ቁም ማለት ነው፣ ረጅሙ ሰብስብ። አንድ ክረምት አጎቴ ጉንፋን ይዟቸው በቅዳሴ መሃል ሲያስሉ በጎቹ ተሰብስበው ከደጀ ሰላሙ ተሰለፉ ይባላል፤ እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰው ግን ብዙ ነበር።

ሰዉ ይህን ሁሉ አስማት ነው አለ። እናቶች ልጆቻቸውን የይበሉሽን ዓይን እንዳያዩ ያስጠነቅቁ ነበር። ያም ሆኖ ጅብ በጉረኖው የተጫወተበት ሰው ሁሉ በጓሮ አጥር በኩል ብቅ ብሎ "መሪጌታ፣ ከዚያች ከይበሉሽ አንዲት..." ማለቱ አይቀርም። አጎቴ ይሰጣሉ። ቃል የሚያስገቡት ውሻው እንዳይታሰርና ሚጥሚጣ እያበሉ እንዳያስቆጡት ብቻ ነው።

ከወሰዱት አንዱ አያ አድማሱ ናቸው። በቀበሌያችን እንደሳቸው በግ ያበዛ አልነበረም። የወሰዱት ውሻ ታዛቢ ይባላል፤ ከይበሉሽ ልጆች ሁሉ እርጋታው ያየለ፣ በግ ሲነዳ ኮቴው የማይሰማ ነበር። ሁለት ዓመት ሰላም ሆነ። ከዚያ በአንዱ ክረምት ከአያ አድማሱ መንጋ ግልገል ይጠፋ ጀመር። ደም የለም፣ ጠጉር የለም፣ ጭቃው ላይ የጅብ ዱካ የለም። ከሁሉም የከፋው፣ ውሻው አልጮኸም።

ወሬው እንዴት እንደተወለደ አላውቅም፤ እኛ ጆሮ ሲደርስ ግን አድጎ ጢም አብቅሎ ነበር። ታዛቢ ግልገሎቹን እየነዳ ለቀድሞ ጌታው ለመሪጌታ ይመልሳል ተባለ። ከዚያ ወዲያ ግቢያችን እሳት ሊጭር የሚመጣው ሰው በዛ። እናቴ ምድጃው ሥር ተቀምጣ፣ "እሳቱን ትተው ጋጣ ጋጣውን ነው የሚያዩት" ትላለች ከንፈሯን ነክሳ። ቤተ ክርስቲያን ከአጎቴ አጠገብ የሚቆም ሰው ጠፋ፤ አንዳንዱ ልጁን ከትምህርት አስቀረ። እኔም ከሰዉ ጋር አብሬ ግልገሎቻችንን ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። ጆሮዋ ጥቁር የሆነች አንዲት ግልገል እናቷ የትኛዋ እንደሆነች አልታወስ ብሎኝ፣ አጎቴ ንጋት ላይ ከጨፌው ሲመለሱ ጋቢያቸው ላይ የበግ ጠጉር ባየሁ ቁጥር እንደገና እቆጥር ነበር። የሚወዱትን ሰው መጠርጠር እንዴት እንደሚያደክም ያወቅሁት ያን ክረምት ነው።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ሾላው ሥር ተቀመጡ። አያ አድማሱ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አደገደጉ።

"መሪጌታ፣ እርስዎን አልነካም" አሉ። "ግና ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የእኔ ውሻ በእኔ ቤት እየበላ አልጮኸም። የት ይሆን የሚጮኸው?"

ነገሩ የገባው ሁሉ ወደ መሬት አየ። አጎቴ ቀስ ብለው ተነሡ።

"አያ አድማሱ፣ ልማልልዎት እችል ነበር። የሚጠረጥር ሰው ግን መሐላም ይጠረጥራል። የእርስዎንና የእኔን በጎች እንቀላቅላቸውና ታዛቢ ይለያቸው። አንዲት የእርስዎን ግልገል ወደ እኔ ከነዳ ውሾቼን በእጄ እገድላለሁ፤ አገሩንም እለቃለሁ።"

"ወንድም ጋሼ!" አለች እናቴ ከሴቶቹ መሃል። "አገርዎን በውሻ አፍ ያስገባሉ?"

"ከሰው አፍ ይሻላል" አሏት።

ወዲያው ጨፌው ላይ ወረድን። በጎቹ ተደባለቁ። አጎቴ በሳል እንዳያዙት ጀርባቸውን ለመንጋው ሰጥተው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀመጡ። የደብሩ አለቃ በመቋሚያቸው ጠቁመው "በል ለይ" አሉት። ታዛቢ ዞር ብሎ አጎቴን አየ፣ ምንም አልሰማም፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ በመንጋው ዙሪያ ይሽከረከር ጀመር። አንዱን በትከሻው ገፋ፣ ለአንዱ መንገድ ለቀቀለት፣ ጥቂት ቆይቶ መንጋው እንደ ተቆረሰ ዳቦ ለሁለት ተከፈለ። የአያ አድማሱ ወደ አያ አድማሱ፣ የእኛ ወደ እኛ። ያቺ ጆሮዋ ጥቁር ግልገል ሮጣ ከእኛ አንዲት አሮጊት በግ ሥር ገብታ ስትጠባ አይቼ እንባዬ መጣ። ሰዉ ተነፈሰ። ታዛቢም ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ሣሩ ላይ ጋደም አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ሽባባው ባይመጣ።

ሽባባው የአያ አድማሱ ሚስት ወንድም ነው፤ እነሱ ቤት እየኖረ በጋሪ ወደ ጅጋ የሚመላለስ፣ ወሬው ሰውን ሁሉ የሚያስቅ፣ ማንም የማይጠላው ጎልማሳ። ከጅጋ መመለሱ ነበርና ምን እየተደረገ እንደሆነ አልሰማም። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ከፊት ቆመ። ታዛቢ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ተነሣ፣ ጅራቱን ቆላ፣ ወደ አያ አድማሱ መንጋ ገብቶ አንድ የሰባ ግልገል መርጦ ለየ። በዝግታ፣ አንድ ጊዜም ሳያስደነግጠው፣ በሰዉ መሃል እየነዳ አምጥቶ ሽባባው እግር ሥር አቆመው። ከዚያ ቁጭ አለና እጁን እጁን ያየው ጀመር።

"ሂድ! ወዲያ!" አለ ሽባባው፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

ታዛቢ ግራ ገባው። ያመጣው ግልገል ያልተወደደለት መስሎት ነው መሰለኝ፣ ተመልሶ ሄዶ ከዚያ የሚበልጥ ሌላ አመጣለት።

ከዚያ ሁሉ ሰው የሳቀ አልነበረም። አያ አድማሱ፣ "ሽባባው፣ ውሻዬ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያገለግልህ?" አሉት።

"ቂጣ ሰጥቼው አውቃለሁ። ቂጣ መስጠት ኃጢአት ነው?"

የአያ አድማሱ ሚስት ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። ንጋት ላይ ከመሶቧ የሚጎድለውን ቂጣ ልጆቼ ናቸው ስትል ከርማ ኖሯል። ያን ስናይ ሌላ ምስክር አላስፈለገም፤ ሽባባውም ብዙ ሳይቆይ አመነ። ንጋት ላይ ሰው ሳይነቃ ውሻው ግልገሉን ወደ ጋሪው ይነዳለት ነበር፤ ዝም ብሎ፣ እንደ ተማረው።

አያ አድማሱ አጎቴ እግር ላይ ወደቁ። አጎቴ አነሡዋቸው፤ ይቅር አሉ። ፊታቸው ግን የረታ ሰው ፊት አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ ለእናቴ ቀስ ብለው፣ "ከአውሬ እንዲጠብቅ አሳደግሁት፤ ከሰው መጠበቅ ግን አላስተማርሁትም" ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዉ መሪጌታውን መጠርጠር ተወ፤ እርስ በርሱ መጠራጠር ጀመረ እንጂ። ዋርሳ፣ የሚስት ወንድም፣ የሌለው ሰው ማን አለ? አያ አድማሱ ራሳቸው መጥተው፣ "መሪጌታ፣ ውሻውስ ደግ ነው፤ ሰው የሚነክስ አድርገው ይስጡኝ" አሏቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። አጎቴ ለሁሉም የሚመልሱት አንድ ነበር፤ "ይህን የሚያደርግ ሞልቷል፤ ወደ እኔ መምጣት አያስፈልግም።" እነሱም አልመጡም። አያ አድማሱ ታዛቢን ጨለማ ቤት አስረው፣ ሚጥሚጣ በሥጋ ጠቅልለው አበሉት። አጎቴ ሲሰሙ ሄደው ለምነው አስመለሱት፤ ግን በጎቻችን ሲያዩት ይበተኑ ነበር፣ በልጅነቱ አቅፌ ያሳደግሁትን እኔንም ከሩቅ አይቶ ጮኸብኝ። መጮህ እንደሚችል ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው።

የይበሉሽን የመጨረሻ ቡችሎች ክዳን የጣለባቸው የለም። ፈላጊ ስለጠፋ አንድ በአንድ በበሽታም በመንገድም አለቁ። እሷ ስትሞት አጎቴ ከጉረኖው ጀርባ ቆፍረው ቀበሯት። ጥቂት ቆመው ስለቆዩ ብቻ መሪጌታው ለውሻ ፍትሐት ፈቱ ተብሎ ማንኩሳ ድረስ ተወራ፤ ሐሜቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቃቸው። እሳቸው ካረፉ ዘመን ሆኗል፤ እኔም አግብቼ ቡሬ ከወረድሁ ወዲህ ወደዚያ የምሄደው ለልቅሶና ለክርስትና ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት የአንድ ዘመዴን ልጅ ክርስትና ልበላ ሄጄ ነበር። የእሾህ አጥሩ ሁሉ ቆርቆሮ ሆኗል። መንገዱን ስዘልቅ ከየቆርቆሮው ጀርባ ጩኸት ሲቀባበለኝ፣ ሰንሰለት ሲንቋቋ፣ የሚከፈት በር ግን አላየሁም። ከዘመዴ ደጅ ደርሼ ከሩቅ "ኧረ ውሻ ያዙ!" ብዬ ተጣራሁ።

"ማን ነዎት?" አለኝ የማላውቀው የጎረምሳ ድምፅ።

ስሜን ነገርሁት። አልበቃውም። የአባቴን ስም ነገርሁት። "የመሪጌታ እንዳላማው የእህት ልጅ" አልሁት።

"ማንኛው መሪጌታ? እስቲ እዚያው ይቁሙ፣ ልጠይቅ።"

እዚያው ቆምሁ። ውሻው ከውስጥ ቆርቆሮውን በጥፍሩ ይቧጥጣል። ጎረምሳው እስኪመለስ ነጠላዬን ላስተካክል ብዬ እጄን ሳነሣ ከብዶኝ አየሁት፤ ድንጋይ ይዟል። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።