የጎሚስታው ፒትቡል

ጎሚስታው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከሰው ጋር የሚያወራው ስለ ጎማ ብቻ ነበር። «ነፋስ ልጨምርልህ?»፣ «ይሄ አይለጠፍም፣ ካላማዳሪው ይቀየር» ከሚለው የዘለለ ወሬ አልነበረውም። አንዲት ልጁ ሩቅ አገር አግብታ ቀርታለች፤ እሷ ስትደውል የእሱ እጅ በግራሶ ተለውሷል፣ እሱ ሲደውል እሷ ሥራ ላይ ናት።

ቡችላውን አንድ ጠዋት ሱቁ በር ላይ፣ ከአሮጌ ጎማዎች ክምር ጋር ታስሮ አገኘው። ስሙንም «ጎማ» አለው፤ የሚወስደው ሰው እስኪገኝ ብሎም ቤቱ አስገባው። ወሳጅ ሳይገኝ የጎማ አንገት ደነደነ፣ ደረቱ ሰፋ፣ መንጋጋው ጉጠት መሰለ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዘጋና «ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ፒትቡል ነው!» ብሎ ጮኸ።

ጎሚስታው የሚያውቀው ግን አገጩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጨዋታውን የሚያዳምጥ ውሻ ነው። የሚስቱን አሟሟት እንኳ ከአፉ አውጥቶ የተናገረው ለእሱ ብቻ ነበር።

የሚኖርበት ሕንፃ ነዋሪዎች ስብሰባ ጠሩ። መጀመሪያ የተናገረችው ከታች ፎቅ የምትኖረው ነርስ ናት።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ክፉ አልናገርም። ግን የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። እንዲህ ዓይነት ውሻ የነከሰው ሕፃን ፊቱ በክር ሲሰፋ ይዤው ቆሜያለሁ። የውሻው ባለቤት በር ላይ ሆኖ ‹ክፉ አያውቅም ነበር› እያለ ያለቅስ ነበር።»

«ዘሩ ምን አደረገ? ዋናው አስተዳደጉ ነው» አለ ጎሚስታው።

«አስተዳደጉስ ጥሩ ነው፤ ጥርሱን ማን ያሳድግልን?» አለ ባለታክሲው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ለጎሚስታው የቆሙለት ፊት ለፊቱ የሚኖሩት እማማ ብቻ ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ለጎማ ደረቅ ዳቦ ይቆጥባሉ። «እናንተ ደግሞ! ያች ፎቃችን ላይ ያለችው ትንሽ ፀጉራም ውሻ ስንቱን ስትቦጭቅ ስብሰባ ማን ጠራ? ጎማ ዝንብ አይነካም!» ብለው ተቆጡ። እሳቸውን አፍረው፣ ውሻው አፉ በቆዳ ማሰሪያ ታስሮ በአጭር ገመድ ይውጣ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ደረጃው ዝም አለ። ጎሚስታውና ውሻው ሲወርዱ በሮች ይዘጋሉ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይጣራሉ። ዓይኑን የሚያየው ጠፋ፤ እሱም ሰላምታ መስጠቱን ተወ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎሚስታውና ውሻው ከሱቅ ሲመለሱ፣ እማማ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ደረጃውን ይወርዳሉ። ጎማ አፉ እንደታሰረ ነው፣ ገመዱም በጎሚስታው እጅ ነው። እሳቸውን ሲያይ ግን ደስታው ገነፈለ፤ ገመዱን መንጭቆ ዘለለና ሁለት እግሩን ደረታቸው ላይ ጣለ። እማማ ሚዛናቸውን ስተው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ።

ጎሚስታው ሆስፒታል ሄዶ አልጋቸው ግርጌ ቆመ።

«ልጄ፣ እሱ ምን አጠፋ? ሊስመኝ እኮ ነው የዘለለው። እንዳትመታብኝ» አሉት።

«አፉንማ አስረነው ነበር» አለ ጎሚስታው። «ደስታውን በምን እናስረው?»

እማማ እጁን ያዙት።

ማንም ሳያስገድደው ከከተማ ወጣ ብሎ እንጨት መሰንጠቂያ ያለውን የድሮ ደንበኛውን ጎማን እንዲወስድለት ለመነው። ግቢው አጥሩ ረጅም ነው፣ ልጅ አይገባበትም። በሩ ላይ የአፉን ማሰሪያ ፈታለት። ጎማ አብሮት የሚገባ መስሎት ቀድሞ ገባና ዞሮ ጠበቀው። ጎሚስታው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ውሻው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለው ነበር።

«እስኪለምደኝ ለጥቂት ጊዜ አትምጣ» አለው ባለመሰንጠቂያው።

በማግስቱ ደረጃው ላይ በሮች ተከፈቱ። ባለታክሲው «ጋሼ፣ ሱቅዎ ድረስ ላድርስዎት» አለ። ልጆች እየሮጡ ጨበጡት። ነርሷ ሾርባ ይዛ መጣችና «ከባድ ነገር ነው ያደረጉት፤ እኛ ጋ ብቅ ይበሉ እንጂ» አለችው። የእማማ በር ብቻ እንደተዘጋ ነው፤ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ የእህታቸው ልጅ ወስዳቸዋለች።

ጎሚስታው ሁሉንም «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ብቅ ግን አይልም። ሊቀየማቸው ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም። ነርሷ ያየችውን ነው የተናገረችው፣ እናቶቹም የፈሩት ለልጆቻቸው ነው። ሾርባውን ብቻውን ተቀምጦ ሲጠጣ፣ እሱ የሚያኮርፈው ሰው እንኳ እንደሌለው ታወቀው።