ሺህ ሰው መሃል ብቻቸውን የተጫወቱት ጋሽ ሸምሱ

አቶ ሸምሱ ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቡታጅራ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ወደ ወልቂጤ ደውለው «ተካ፣ ጓደኛህ ሄዱብን» አሉኝ። በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ቀበርናቸው። ከወልቂጤ፣ ከጉብሬና ከእምድብር የመጣን ብዙ ነበርን፤ አብዛኞቻችን እርስ በርስ አንተዋወቅም።

ለቅሶ ቤት ስለ እስራቸው የተለያየ ነገር ሲወራ ሰማሁ። አንዱ በፖለቲካ ነው ይላል፤ ሌላው በጨዋታ ነው ይላል። እኔ ሲያዙም ሲመረመሩም አጠገባቸው ስለነበርኩ፣ ያየሁትን ለምታውቋቸው ሁሉ ጽፌ ላስቀምጥ ወደድሁ።

ጋሽ ሸምሱ የመስቃን ልጅ ናቸው። ገና በወጣትነታቸው ቡታጅራ ስልክ ቤት ተቀጥረው፣ ሰው ከቤቱ በቀጥታ መደወል እስኪጀምር ድረስ በማዞሪያው መስመር ሲያገናኙ ኖረዋል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከጅዳ የሚመጣ ወሬ ሁሉ በእሳቸው ጆሮ ያልፍ ነበር። ወይዘሮ ዘሃራ እንደነገሩኝ፣ አንድ ቀን አንዲት እናት ከውጭ የልጃቸውን ስልክ ሊቀበሉ ለብሰው፣ ተቀብተው መጡ። የደወለው ግን ልጃቸው አልነበረም፤ የልጃቸውን ሞት ሊያረዳ የደወለ ጓደኛው ነበር። ጋሽ ሸምሱ ደዋዩን ዝም አሰኝተው፣ ለእናትየዋ «መስመሩ ዛሬ አልሆነም፤ ነገ እኔ ራሴ እመጣለሁ» ብለው ሸኟቸው። በነጋታው የሴትየዋን ወንድሞችና ሽማግሌዎች ይዘው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በራቸው ላይ ተገኙ። እናትየዋ በስልክ ቤቱ መስኮት ፊት፣ ወረፋ በያዘ ሰው መሃል መርዶ እንዳይሰሙ ያደረጉት ነው።

«የሰማሁትን ባወራ ኖሮ» ይሉ ነበር፣ «ቡታጅራ ውስጥ ሁለት ጎረቤት ሰላም አይባባልም ነበር።»

የማዞሪያው ሥራ ሲቀር ልጃቸው ወደተዳረችበት ወደ ወልቂጤ መጡ። እኔ ያኔ ጂማ መንገድ ዳር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ከፍቼ ነበር። ሽቦ ሊቀጥሉልኝ ገብተው አብረን ቀረን። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ጴንጤ፤ እኔ እሑድ ስዘጋ እሳቸው ይከፍታሉ፣ እሳቸው ለሶላት ሲነሡ እኔ ወንበራቸውን እጠብቃለሁ።

ጨዋታውን ያመጡት ከጉብሬ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ አንድ ዓለም ውስጥ የሚኖርበት ጌም ነው፤ ከተማ አለው፣ ጫካ አለው፣ ባሕር አለው። ሰዎቹ በቡድን እየሆኑ ይዘምታሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይነግዳሉ። ጋሽ ሸምሱ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩና ለራሳቸው ነጭ ጢም ያለው፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ መርጠው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሲቀዘቅዝ መስኮቱ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር የእሳቸው ነበር።

እሳቸው ግን አይዘምቱም። ቅጠል ይለቅማሉ፤ መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ የወደቀ ሰው ሲያገኙ መድኃኒት ሰጥተው ያነሡትና ምስጋናውን ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። የሚጻፍላቸውን አያነቡም፤ ቡድን ግባ የሚል ግብዣ ሲመጣ ይዘጉታል። ተማሪዎቹ ይበሳጩባቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለብቻ የሚኬድበት ጌም አይደለም። ፓርቲ ግቡ እንጂ፤ ያለ ፓርቲ ሙድ የለውም።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፓርቲ አልገባም» ይሏቸዋል። ቤቱ በሙሉ ይስቃል።

አንድ ቀን ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። ማውሱን ለቀቁና «ተካ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲጠራኝ ነው የኖርኩት» አሉኝ። «እዚህ ሰው ሞልቷል፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይጮኻል። እኔን ግን የሚጠራኝ የለም። ብቻዬን ጫካ ብገባ ይከፋኛል። ሰው መሃል ሆኜ ሳልጠራ መዋል ግን ዕረፍት ነው።»

እንዲህ እያለን ያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ እንደ እኛ ያለ የመስመር ኢንተርኔት ብቻ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ይሠራ ነበር። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ዘወትር የሚመጡ ልጆች ጠፉ። ባጃጅ በራችን ላይ በቆመ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን።

አንድ ማለዳ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡ። ከዚህ ቤት የተቃጠለ መኪናና የተዘጋ መንገድ የሚያሳይ ፎቶ ወደ ውጭ አገር ተልኳል አሉን። ተላከ ያሉበት ቀን እኔ ጉብሬ ፕሪንተር ልጠግን ሄጄ ነበር፤ ሱቁን የጠበቁት ጋሽ ሸምሱ ብቻ ናቸው። አንደኛው ሰውዬ ወደ መስኮቱ ሄደና ስክሪኑን አየ። የጨዋታው ሽማግሌ በከተማው በር ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንደ ውኃ ይወርዳል።

«ከማን ጋር ነው የሚጻጻፉት?»

«ከማንም ጋር።»

«ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ምንድን ነው ታዲያ?»

«የሰዎች ነው። የእኔ አይደለም።»

ኮምፒውተሩንም እሳቸውንም ይዘው ሄዱ።

ወይዘሮ ዘሃራ ያን ቀን ማታ ምግብ ይዘው ወደታሰሩበት ሄደው ምግቡን ብቻ አስገብተው ተመለሱ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ እንድትሄድ ነገርኳት፤ እምቢ አለች። ሱቁን ብዘጋ ጥፋተኛ ልመስል፣ ብከፍት ደግሞ ማን እንደሚገባ አላውቅ። በሦስተኛው ቀን እኔም ተጠራሁ።

የገባሁበት ክፍል ጠባብ ነው። ኮምፒውተራችን ጠረጴዛ ላይ ከመብራትና ከኢንተርኔት መስመር ጋር ተሰክቷል። ጋሽ ሸምሱ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል፤ ቆባቸው አልነበረም፤ ያለ ቆብ አይቻቸው ስለማላውቅ ዓይኔን ሰበርኩ። መርማሪው ወጣት ነው። አይጮኽም። «አባቴ፣ እርስዎ» እያለ ነበር የሚያናግራቸው፤ ትሕትናው ከቁጣ ይበልጥ አስፈራኝ።

«እንግሊዝኛ ታነባለህ?» አለኝ።

«አነባለሁ።»

«እሳቸው ይክፈቱት። አንተ የሚጻፈውን ሁሉ ትነግረኛለህ። አንድ ቃል ከዘለልክ ወደ ቤትህ አትመለስም።»

ጋሽ ሸምሱ ከፈቱት። ሽማግሌው በዚያው በር ላይ ብቅ አለ። ወዲያው ስክሪኑ መሃል አንድ ሳጥን ወጣ።

«ምን ይላል?»

«ወደ ፓርቲያቸው እየጋበዟቸው ነው።»

«የትኛው ፓርቲ?»

«ፓርቲ ማለት በጨዋታው ቡድን ማለት ነው።»

«ትርጉሙን አልጠየቅሁህም። የትኛው ፓርቲ?»

በዚህ መሃል የጋሽ ሸምሱ እጅ በልማድ ሄዶ ሳጥኑን ዘጋው። መርማሪው ወደ እሳቸው ዞረ።

«ለምን ዘጉት?»

«ሁልጊዜ እዘጋዋለሁ፣ ልጄ።»

ከዚያ ሰዎች ወደ ሽማግሌው መሰብሰብ ጀመሩ። ጦር የያዘ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ካባ የለበሰ፤ ዙሪያውን ከበቡት። ከታች ጽሑፉ ፈጠነ። እኔ እያነበብኩ መናገር ያዝሁ፦ ሽማግሌው ተመለሰ። የት ጠፍተህ ነበር። ሦስት ቀን ፈለግንህ። ቀጥሎ የመጣውን ሳነብ ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞርኩ።

«ቀጥል» አለ መርማሪው።

ጋሽ ሸምሱ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ተካ፣ እንዳለ ንገረው» አሉኝ። «አትጨምር፣ አትቀንስ።»

«ዛሬ ማታ እንነሣለን ይላል። አንተን ስንጠብቅ ነበር፤ አብረኸን ና ይላል።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ማንንም አላውቅም ብለውኛል» አላቸው።

«አላውቃቸውም።»

«እነሱ ግን ያውቁዎታል።»

«አዎ። እነሱ ያውቁኛል።»

«ወዴት እንደሚነሡ ይጠይቋቸው።»

ጋሽ ሸምሱ ኪቦርዱን አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «እንዴት ነው የሚጻፈው?»

«አባቴ፣ አይቀልዱብኝ።»

«አልቀልድም። ጽፌ አላውቅም።»

«ይሞክሩ።»

በአንድ ጣታቸው አንድ ፊደል ተጫኑ፤ ሽማግሌው ዘለለ። ሌላ ተጫኑ፤ ከረጢቱ ተከፈተ። ሌላ ሲጫኑ ሽማግሌው መራመድ ጀመረና በሰዎቹ መሃል አልፎ በሩ አጠገብ ያለው ኩሬ ውስጥ ገባ። እንዲወጣ ሌላ ፊደል፣ ደግሞ ሌላ ተጫኑ። መርማሪው ወንበሩን ስቦ ቀረበ። አሁን የሚያየው ስክሪኑን ሳይሆን እጃቸውን ነበር።

«አሳያቸው» አለኝ በመጨረሻ።

ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩላቸው፤ ባዶ መስመር ተከፈተ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየነገርኳቸው፣ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፦ ወዴት? ደግሜ ኢንተርን ተጫንኩ።

ሲወርድ የነበረው ጽሑፍ ቆመ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ባሉበት ደረቁ። ከዚያ ጽሑፉ እንደ ጎርፍ መጣ።

«ምን ይላሉ?»

«ተናገረ ይላሉ። ሽማግሌው ተናገረ ይላሉ።» ለመከተል አቃተኝ። «ይኼኛው ደግሞ፣ ለካ ሰው ነው እንዴ ይላል። ያኛው… ጨዋታው ራሱ መንገድ ዳር ያቆመው ምስል መስሎን ነበር ይላል። ስንት ዓመት ሲያነሣን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም ይላል። አንዲቱ እያለቀስኩ ነው ትላለች።»

«ወዴት ነው የሚነሡት?»

ፈልጌ አገኘሁት። «ዘንዶ ሊገድሉ ነው። ከተራራው በታች ዋሻ አለ፤ እዚያ።»

«ዘንዶ።»

«አዎ፣ ዘንዶ።»

መርማሪው ተነሥቶ ጀርባውን ሰጥቶን መስኮቱ ጋ ቆመ። ሲመለስ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ኮምፒውተሩን በእጁ አጠፋው።

«ይሄንን ተውነው። ፎቶውስ? የዚያን ቀን እዚህ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውን ሰው አይተዋል።»

«አይቻለሁ።»

አላየሁም ይላሉ ብዬ ነበር። እንዲሉም በልቤ እየለመንኩ ነበር።

«ስሙን ይንገሩኝና ዛሬ ቤትዎ ይግቡ።»

«ልጄ፣ እኔ የስልክ ቤት ሰው ነኝ» አሉት። ድምፃቸው አልተለወጠም። «በጆሮዬ ያለፈውን፣ በዓይኔ ያለፈውን አልናገርም። አንተ ነገ ከእኛ ሱቅ ለእናትህ ብትጽፍ የአንተንም አልናገርም።»

«የሚያስከፍልዎትን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

እኔን አስወጡኝ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ይመጣብኛል።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንት ታስረው ቆዩ። ለምን እንደለቀቋቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ አንድ ቀን ከሰዓት በእግራቸው እየመጡ ሳይ ከሱቅ ሮጬ ወጣሁ። ከስተዋል። ወገባቸውን ይዘው ነው የሚራመዱት፤ ያ ሕመም ከዚያ ወዲያ አልተዋቸውም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ያንተ ልጆች ደህና ናቸው?» ብለው ነው።

ኢንተርኔቱ ሲረጋጋ አንድ ቀን ጨዋታውን ከፈቱት። ሰዎቹ ወዲያው አገኟቸው። ሰላምታው፣ ግብዣው፣ ጥያቄው ስክሪኑን ሞላው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዩ። «አሁን እዚህም ተጠራሁ» አሉና ዘጉት። ሽማግሌውን ዳግመኛ አልከፈቱትም። ሳምንት ሳይሞላ በጨዋታው ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ፈጥረው፣ ማንም በማያውቃቸው መንደር እንደ ጀማሪ ቅጠል ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሻይ አስመጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሕመሙ ጠንቶባቸው ቡታጅራ እስኪመለሱ ድረስ እንዲሁ ኖርን።

ጋሽ ሸምሱ፣

የዚያን ሰው ስም እኔም አልጠየቅሁዎትም፤ እርስዎም አልነገሩኝም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ተማሪ ይሁን ነጋዴ አላውቅም። ይዘውት አፈር ገቡ። ያ ሰው ግን በሕይወት አለ፤ አግብቶ፣ ወልዶ ይሆናል፤ ምናልባት በቀብርዎ ላይ ከእኛ ጋር አፈር መልሷል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ የሚገባውን ሁሉ፣ አውቶቡስ ተራ የሚገፋኝን ሁሉ፣ የሚያናድደኝን ሁሉ «ይሄ ይሆን እንዴ?» እያልኩ አየዋለሁ። ጋሽ ሸምሱ የታሰሩለት ሰው ይሆናል እያልኩ በማንም ላይ መጨከን አቃተኝ። ወልቂጤን እንዲህ አድርገው ነው ትተውልኝ የሄዱት። ጌታ ነፍስዎን በሰላም ያሳርፍ፤ ስለ ወይዘሮ ዘሃራ አያስቡ፣ እኔ አለሁ።