ሰባት ቤት በስቶክሆልም

የወጣሁ ማታ ቦሌ ላይ የሰው እናቶች «ብርዱን ተጠንቀቂ» እያሉ ሲያለቅሱ፣ የኔዋ ክንዴን ጨምድዳ «ሰባት ቤት ሳትቆጥሪ እንዳታገቢ!» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ዘመዴን ላገባ ብዬ ነው ስዊድን ድረስ የምሄደው? ዘመድ እንደሆን እዚያው ሰፈራችን ሞልቷል!

እግዜር ሲቀልድ ግን ከኔ ይብሳል። ስቶክሆልም ዳር ሱንድቢበሪ ሰፈር በአንድራሃንድ፣ ማለትም ከተከራይ ላይ ተከራይቼ ስኖር፣ ጎረቤቴ ስሜን ሳይጠይቀኝ ሁለት ክረምት አለፈ። እኛ ሰፈር ቢሆን በማግስቱ የአክስቴን በሽታ ሳይቀር ያውቁልኝ ነበር። በዚህ ሁሉ ባዕድ መሀል አቤል የሚባል ሸጋ ልጅ አገኘሁ፤ እዚሁ ያደገ፣ በአማርኛ ሳወራው በስዊድንኛ የሚመልስልኝ። ልንጋባ ተስማማንና ሁዲንጌ የሚባል ሰፈር እናቱ ቤት ወሰደኝ።

እትዬ አልማዝ ገና ሳልቀመጥ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ቆጠርኩላቸው፦ የእናቴ አባት በላይ፣ የሱ አባት ወልዴ፣ የሱ አባት ጓንጉል...

«ቆይ! የደብረ ማርቆሱ ጓንጉል?» የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። «የአያቴ አባት ናቸው እኮ! በይ እህቱ ነሽ፤ ሳሚው።»

«እና ምን ችግር አለው?» አለ አቤል።

«ዝም በል! አራት ቤት ነው! እኔ በቁሜ አይሆንም።»

ጋብቻ የሚፈቅደው ቢሮ ሄድን። ሴትዮዋ «ዝምድና አላችሁ?» አለች።

«በአራተኛ ቤት» አልኳት።

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «እሱን ቅጹ አይጠይቅም።»

«እናቱ ግን ይጠይቃሉ።»

«እናቱ ቅጹ ላይ የሉም።»

ምናለ ሁዲንጌ ሄዳ ይህን ለራሳቸው ብትነግርልኝ!

አቤል ደግሞ «አርኪቭ እንይ» አለ። ስዊድኖች የቅድመ አያታቸውን ላም ሳይቀር ከአርኪቭ፣ ከድሮ መዝገብ ያወጣሉ። የኛ አርኪቭ እናቴ ናት፤ የሷን መልስ ደግሞ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ቆጠራው ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ለሥራ ደብረ ማርቆስ የሚመላለሰውን ወንድሜን ዮናስን ላክሁት። የድሮው ቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ «የሞተ ሰው ምን ያደርግልሃል?» አለው።

«እህቴ ልታገባ ነው።»

«የሞተ ሰው?»

ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ፎቶው መጣ። በደርግ ጊዜ ቤት ለቤት የተቆጠረበት ወረቀት ነው። አባወራ፦ ወልዴ ጓንጉል። ከሥሩ፦ በላይ ወልዴ። ዝምድና፦ የማደጎ። ወላጅ አባት፦ አይታወቅም።

አያቴ ለካ የወልዴ ደም አይደለም። እኔና አቤልም ባዳ ነን!

እትዬ አልማዝ በስልክ እልልታውን አቀለጡት። «ተገላገልን! ለእናትሽ አሁኑኑ ላኪላት፤ ሽማግሌ እልካለሁ።»

እንዴት ያለ ቀላል ነገር! እናቴ ኑሮ በደቆሳት ቁጥር «የጓንጉል ዘር እኮ ነኝ» ብላ ቀና የምትል ሴት ናት። ሌላ ርስት የላትም። ታዲያ ደውዬ «እንኳን ደስ አለሽ፣ አባትሽ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም» ልበላት?

ደወልኩ። አቤል ፎቶውን ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ የማገባው ሰው አገኘሁ።»

«ቆጠርሽ?»

«እየቆጠርኩ ነው...»

«ረስተሽዋል ማለት ነው። በይ አብረን፦ እኔ፣ በላይ፣ ወልዴ...» ድምፅዋ እየደመቀ ሄደ። «ቀጥዪ!» አለችኝ፣ ልክ እንደ ልጅነቴ።

አቤልን አየሁት። ፎቶውን አየሁት።

«ጓንጉል» አልኩ፤ «ተሰማ፣ ደርሶ፣ እንግዳ።»

«ጎበዝ የኔ ልጅ! አሁን ደግሞ የልጁን ቁጠሪልኝ።»